ሁለት ረድፍ የጠበቃት ልጅ

ፎቶዎቹን ያገኘሁት የልጄን ቦርሳ ላጥብ ስል ነው። የጅማ ክረምት ልብስ አያደርቅም፤ ስለዚህ ፀሐይ ብልጭ ካለች እጄ የገባውን ሁሉ ውሃ ውስጥ የምነክር ሰው ነኝ። ቦርሳውን ገልብጬ ሳራግፍ ከብስኩት ፍርፋሪና ከእስክሪብቶ ክዳን ጋር ትንንሽ ጉርድ ፎቶዎች ወደቁ። ሦስት ናቸው። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ፣ ሂጃቧ ከግንባሯ ወደ ኋላ ተሰብስቦ፣ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ያያል። ፈገግታ የሚባል የለም።

ለትምህርት ቤት ይሆናል ልል ፈለግኩ። ግን ይህን ዓይነት ፎቶ አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል እንዲህ ያለ ተነስታ፣ እናቷ በአጥር ላይ አቀብላኝ «ስትኮሳተር አባቷን አትመስልም?» ብላ አብረን ስቀናል። ደግሞ ጉርድ ፎቶ አራት አራት ሆኖ ነው የሚታተመው። አራተኛውስ?

ፎቶዎቹን ወደ ነበሩበት መለስኩ። ቦርሳውንም ሳላጥበው ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ለልጄ ምንም አላልኳት። ቤታችን በቾ ቦሬ ሰፈር ነው፤ ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ እዚህ የተቆጡት እዚያ ይሰማል። ዝም ያልኩት ግን ለሱ አይደለም። ብጠይቃት «አዎ» ትለኛለች ብዬ ነው።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ የቡ ከተማ አጠገብ ገጠር ተወልጄ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ በቡና ለቀማ አልፏል፤ መጋዘን ውስጥ ረድፍ ይዘን ተቀምጠን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ከደህናው እንለያለን። ልጄ ደግሞ ኮምፒውተር ታጠናለች። መጀመሪያ ምን እንደምትማር ስጠይቃት «ሲ ነው ኡሚ» አለችኝ።

«ምንድነው እሱ?»

«ቋንቋ ነው።»

ደስ አለኝ። ኦሮምኛም አማርኛም አላት፣ ሦስተኛ ስትጨምር ለሥራ ይሆናታል አልኩ። ቋንቋው ከማሽን ጋር ብቻ የሚነጋገሩበት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ማሽኑም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሲመልስ ሲቆጣ ነው፤ በቀይ።

በዚህ ትምህርት ባለፈው ዓመት ወድቃለች። ሥራውን ሠርታ ወስዳ ነበር፣ ማሽኑም ተቀብሎት ነበር። አስተማሪው አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ «ይቺ እዚህ ለምን ተቀመጠች?» ቢላት ዝም አለች። «ለምን እንደሆነ ሳታውቂ ከሠራሽው ሌላ ሰው ነው የሠራልሽ» አላትና ጣላት። ማንም አልሠራላትም፤ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። መስመሯን እዚህም እዚያም ስታዛውር ቆይታ አንዱ ቦታ ላይ ሲስማማላት ትታዋለች እንጂ ምክንያቱን አታውቀውም ነበር። አሁን ሁለተኛዋ ነው። ሁለት ጊዜ የወደቀ ከግቢው ይወጣል። ሰኞ ሥራዋን ይዛ አስተማሪው ፊት ትቀርባለች፣ እሱም ይጠይቃታል። ፈተናው ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጎደሬ እየላጠች፣ እንደ ቀልድ፣ «ብወድቅስ ምን አለበት፣ የጎረቤታችን ልጅ ሄዳ የለ?» ብላኝ ነበር። እኔም እንደ ቀልድ «አንቺ ለማዳም ሻይ አፍልተሽ? ድስቱን ታቃጥይባታለሽ» አልኳት። ቀልዱን አሁን ፎቶዎቹ ውስጥ አየሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቴ መጣች። እሷም እዚያው መጋዘን ነው የምትሠራው፣ ከኔ ማዶ ባለው ረድፍ። ደጃፌ ላይ ተቀመጠችና ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ አየች። ልጄ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች።

«ያንቺዋ ከብረት ጋር ነው አሉ የምታወራው» አለች።

«ብረቱ ዝም ስለሚል ነው። አንቺ ብትሆኚ መቼ ታስጨርሻት ነበር።»

«ኤጋ፣ እንግዲህ ሳቂ። የኔዋ ገና በሄደች በመንፈቋ የኛን ግቢ ሲሚንቶ አስለብሳዋለች። ያንቺዋ ሳጥን መቼ ነው አንድ ቆርቆሮ እንኳ የሚያወጣው?»

«ኢንሻአላህ ያወጣል።»

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ቶሎ አለቀ። የሻሿን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች «ከረመዳን ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም» አለችኝ። «ስልኳን ይዘውባት ይሆናል። እዚያ እንደዚያ ያደርጋሉ አሉ። አይደል?»

«ያደርጋሉ አሉ» አልኩ።

ልትሄድ ስትነሳ ነው፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ «የኔዋን የላካት ሰውዬ ስለ ልጅሽ ጠይቆኛል። ቦታ አለ ይላል» ያለችኝ። የልጇ ድምፅ የጠፋባት ሴት እንዴት ይህን ትለኛለች ብዬ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው፣ ቦታው ደህና ቦታ ነው ብላ ካላመነች በምን ታድራለች? የሌላ ሰው ልጅ ደግሞ ብትሄድ አብራት የምታምን ሌላ እናት ታገኛለች።

እሑድ ዝናብ ነበር፣ መብራትም የለም። ልጄ በረንዳው ላይ ከላፕቶፗ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ጎደሬ ቀቅዬ ይዤላት ስወጣ ጉንጯ እርጥብ ነው።

«ማሽኑ እምቢ አለ?»

«አይ፣ ሠርቷል።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ለምን እንደሠራ አላውቅም ኡሚ። ትናንት ቀይ በቀይ ነበር። አንድ የክፍሌ ልጅ ላይኛው ጫፍ ላይ አንዲት መስመር ጨምሪ አለችኝ፣ ጨመርኩ፣ መቆጣቱን ተወ። ነገ ለምን ቢለኝ እንደ አምናው ልቆም ነው።»

ሳህኑን አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩት ሲ ልማር ብዬ አይደለም። እያወራችኝ እስከሆነ ድረስ አትነሳም፣ ካልተነሳች የትም አትሄድም፤ ልቤ ያን ጊዜ የያዘው ይህን ብቻ ነበር።

«ንገሪኝ እስቲ» አልኳት።

«አይገባሽም።»

«አይግባኝ። አንቺ ብቻ ንገሪኝ።»

እያንገራገረች ጀመረች። ማሽኑ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው አለችኝ፤ አንዴ ብቻ፣ ወደ ፊት ሄዶ አይቶ አይመለስም። ስለዚህ ወደ ታች የጻፈችውን አንድ ትንሽ ሥራ፣ ፈንክሽን ይሉታል፣ ገና ላይ ሳለች በስሙ ብትጠራው አላውቀውም ይላታል። እንዲያውቀው አስቀድማ መናገር አለባት፤ እንዲህ የሚባል ሥራ ይመጣል፣ ይህን ይቀበላል፣ ያንን ይመልሳል፣ በቃ። ሥራው ራሱ በኋላ በቦታው ይመጣል።

«እሱማ የእድር ለፋፊ ነው» አልኳት። «ነገ ቀብር አለ ይላል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ነገ ሲመጣ ማንም አይደነግጥም።»

«እሱ ነው ችግሩ። ሰፈር ሁሉ አይሰማም። እንደቆምሽበት ነው።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች። የበሬ ቀንድ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች አሉ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የዞረ። «ይሄ ይከፍታል፣ ይሄ ይዘጋል። መሀላቸው እንደ ክፍል ቁጠሪው። ክፍል ውስጥ ሆነሽ የተናገርሽው እዚያው ክፍል ነው የሚሰማው። ሲዘጋ አብሮ ያልቃል። ከክፍሎቹ ሁሉ ውጭ ላይ ቆመሽ ከተናገርሽ ግን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይሰማል።»

«ከዚያ በላይ ያለውስ?»

«እሱ አልፎታል። አይሰማም።» ጣቷን ከስክሪኑ አነሳች። «አምና የወደቅኩት በዚህ ነው። ማስታወቂያውን ዋናው ክፍል ውስጥ ጽፌው ሌላው ክፍል አላውቅም አለ። ወደ ውጭ ሳወጣው ሁሉም አወቀ። ይህቺን ብቻ ብናገር አልፍ ነበር።»

«አሁን ተናገርሽ አይደል?»

«የዘንድሮው ሌላ ነው።»

የዘንድሮው ሥራዋ የየቡ ገበሬዎች እሸት ቡና ሲያመጡ የሚመዘግብ ነው። ገበሬ ማለት እሷ ጋ ስሙ፣ ቀበሌው፣ ያመጣው ኪሎ አንድ ላይ የታሰረበት ነገር ነው፤ ስትራክት ይሉታል። በውስጡ ሁለት ትንንሽ ሥራዎች አሉ፣ አንዱ ገበሬውን ይመዝናል፣ ሌላው ወረቀት ያትምለታል። ሁለቱንም ላይ ላይ አስታውቃለች፣ ገበሬ ይቀበላሉ ብላ በእያንዳንዱ ቅንፍ ውስጥ ጽፋለች። ገበሬው ራሱ ምን ምን እንዳለው ግን ከነሱ በታች ነው የጻፈችው። ማሽኑ ወደ ታች ሲደርስ ይህ ገበሬ ያ ገበሬ አይደለም አላት። ስሙ አንድ ነው፣ ፊደሉ አንድ ነው። አይደለም አለ።

«ላይኛው ጫፍ ገበሬ የሚል ባዶ መስመር ስጨምር ታረቀ። ባዶ፣ ውስጡ ምንም የሌለው። ባዶ ነገር ምን ይፈይዳል?»

ላጽናናት ብዬ ብቻ «ክፉ ነው። እኚያን የመጋዘናችንን ዘበኛ ነው የሚመስለው፣ አንቺን ከበር የመለሱሽን» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ቆይ ኡሚ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ዕረፍት ላይ ሳለች ከኔ ጋር ቡና እንድትለቅም ፈለግኩ። እኛ መጋዘን ማንም በራሱ እግር መጥቶ አይገባም፤ የሚያመጣው ሰው አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። የሚታወቀው በር ላይ ነው፣ ጠዋት ሁላችን ተሰብስበን ሳንገባ፣ ዘበኛውም የለቃሚዎቹ አለቃ የሆነችው ሴትም ሁሉም ረድፍ ባለበት። «ነገ ልጄ ትመጣለች» ትያለሽ፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ለሁሉም አንድ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን አርፍጄ ገባሁ። ረድፌ ውስጥ ተቀምጬ ለአጠገቤ ላሉት «ነገ የበቾ ቦሬዋ ልጅ ትመጣለች፣ ቦታ ያዙላት» አልኩ፤ መጋዘን ልጄን እንዲያ ነው የሚጠሯት። በረድፍና በረድፍ መካከል ጆንያ እስከ ጣራ ነው የሚደረደረው፣ ማዶ ያለው አይሰማም። ጎረቤቴ ደግሞ ደግ ልሥራ ብላ፣ ሳትነግረኝ፣ ለራሷ ረድፍ «ነገ የበቾ ቦሬዋ ልጅ ትመጣለች» ትላለች።

በማግስቱ አለቃዋ ስትዞር የኔ ረድፍ አንድ ልጅ እንጠብቃለን አላት። የማዶውም ረድፍ አንድ ልጅ እንጠብቃለን አላት። «ሁለት ሰው ያለኔ ፈቃድ ማን አመጣ?» ብላ ሁለቱንም ቦታ አስነሳች። በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ልጄን አላውቃትም ብለው አቁመዋታል። አንዲት ልጅ ናት፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ውጭ ዝናብ ላይ። ለማስረዳት ብንሞክር ሦስት ልጅ ያለ እስኪመስል ድረስ ተጯጯህን፣ አለቃዋም ሁላችንንም አባረረችን ወደ ሥራችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ዘበኛ «ሃደ ኢንተላ ለማ» ነው የሚሉኝ፣ የሁለት ልጅ እናት። አንድ ብቻ እንዳለኝ እያወቁ።

«የማዶው ረድፍ ማንን ነበር የጠበቀው?» አለችኝ ልጄ።

«አንቺን ነዋ።»

«አይደለም። እነሱ ጋ የተነገረች አንዲት ልጅ አለች፣ እናንተ ጋ የተነገረች አንዲት ልጅ አለች። ቃሉ አንድ ነው፣ ግን አንዱ የአንዱን አልሰማም። ስለ አንድ ሰው ነው የምናወራው የሚላቸው ማንም የለም። በር ላይ በእግሯ የመጣችው ደግሞ ለዘበኛው ሦስተኛ ናት።» ላፕቶፑን ረስታ ወደኔ ዞራለች። «ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ጊዜ የጠራሁት ገበሬ እዚያው ቅንፍ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቅንፉ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። የሚመዝነው ሥራ የራሱ ገበሬ አለው፣ የሚያትመው የራሱ፣ ታች የጻፍኩት ሌላ። ማሽኑ ልክ ነው ኡሚ።»

«በር ላይ ተነግሮ ቢሆንስ?»

«ያን ጊዜ ሁለቱም ረድፍ የሚያወራው ስለ በሯ ልጅ ይሆን ነበር። ባዶዋ መስመር እሷ ናት።»

አሁንም ያልገባኝ ነገር ነበር። ማንነቱ ሳይታወቅ ባዶ ስም እንዴት ይበቃል ብዬ ጠየቅኳት። «ትመጣለች ከተባለ ቦታ ይያዝላታል። ቁመቷ ሳይታወቅ ግን ልብስ አይሰፋላትም» አለች። «ላይ ያሉት ገበሬውን ራሱን አይዙም፣ ያለበትን ቦታ ነው የሚይዙት። ፖይንተር ይባላል። ውስጡን የሚከፍተው ሥራ ግን ገበሬው በሙሉ ከተጻፈ በኋላ መምጣት አለበት።»

ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ጠፋ። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዝናቡን እያየች፣ ለራሷ ድምፅ አውጥታ ደጋገመችው። እኔ የማየው በክፍት በር ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቦርሳ ነው።

«ምነው ቦርሳዬን ታያለሽ?» አለችኝ።

«ላጥብልሽ ነበር። ዘነበ።»

እሷም ቦርሳውን አየችና «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለች።

ሰኞ ያንኑ ቦርሳ አዝላ ወጣች። ዱዓ አድርጌላት እስከ መንገዱ ሸኘኋት። መጋዘን ስደርስ ስልኬን እንደ ደንቡ ለዘበኛው አስረከብኩ፤ ለቃሚ ስልክ ይዞ አይገባም።

«አባባ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ዛሬ ልጄ ከደወለች ይጥሩኝ» አልኳቸው።

«የትኛዋ? የዚህኛው ረድፍ ናት የዚያኛው?»

«የሚስቁብኝ ከሆነ እቀማዎታለሁ ስልኩን።»

«ቶሌ፣ ቶሌ፣ እሺ፣ እጠራሻለሁ።» ኪሳቸው ከተቱት።

ያን ጠዋት ደህናውን ከጥቁሩ ጋር እየጣልኩ አጠገቤ ያለችዋ ሴት እየለቀመች መለሰችልኝ። ፈተናውን ብቻ አልነበረም የማስበው። ከግቢው ወጥታ ወደ ቤት ሳትመጣ ቀጥታ ወደ ሰውዬው ብትሄድስ? ፎቶው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ከጆንያዎቹ ማዶ ናት፣ አትታየኝም። ያ ረቢ አልኩ፣ ያ ረቢ፣ እንዲሁ ስል የምሳ ሰዓት ደረሰ።

ዘበኛው በሩን ከፍተው ሙሉ መጋዘን እየሰማ ተጣሩ። «ሃደ ኢንተላ ለማ፣ አንደኛዋ መጥታለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ። ልጄ ከበሩ ውጭ ቆማለች፣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም፣ ያ የጉርድ ፎቶው ፊት ነው።

«ጠየቀኝ» አለች። «ባዶዋን መስመር። እንዳወራንው ነገርኩት። ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ፤ ይህችኑ ባዶ መስመር ዳግመኛ ክፍሉ ውስጥ፣ በቀንዶቹ መሀል ብጽፋትስ አለኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

ክንዷን ያዝኩ።

«እስክሪብቶውን አነሳ ኡሚ። ሊጽፍ ነው። ከዚያ መጋዘኑ መጣብኝ። በር ላይ ተነግሮ አልቆ፣ አንዷ ረድፍ ውስጥ ገብታ እንደ አዲስ ልጅ ትመጣለች ብትልስ? ያ ረድፍ ሌላ ልጅ መጠበቅ ይጀምራል። የበሯን ያጣታል፣ እዚያው እስካለ ድረስ። ከረድፉ ሲወጣ የበሯ እንዳለች ናት። እንደዚያ አልኩት፣ በነሱ ቋንቋ። አዲስ ይሆናል፣ የውጪውን ይሸፍነዋል፣ ክፍሉ ሲዘጋ የውጪው ይመለሳል።»

«እሱስ?»

«ጻፈ። ሂጂ አልፈሻል አለኝ።»

አልሃምዱሊላህ አልኩ። ደግሜ አልኩ። ዘበኛው ስልኬን ይዘው አጠገባችን ቆመዋል፣ እሳቸውም አሉ። እዚያ ላይ ቢያበቃ እወድ ነበር። ግን ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነው፣ ፎቶዎቹን ካገኘሁ ጀምሮ የያዝኩት ጥያቄ ከአልሃምዱሊላሁ ጋር ተያይዞ ወጣ።

«አራተኛው ፎቶ የት ነው?»

አልዋሸችኝም። ዓይኗን ወደ መጋዘኑ ውስጥ ላከች። «ጎረቤታችን ጋ ነው። ለሰውዬው እንዲሰጡልኝ። ከወደቅኩ ብዬ ነው ኡሚ። አስቀድሞ ካልተነገረ ቦታ አይገኝም አሉኝ።»

ጎረቤቴን አስጠራኋት። የቡና ገለባ ሻሿ ላይ እንዳለ መጣች፣ ሁለታችንን ስታይ ገባት።

«ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ባለፈው ሳምንት። እኔ ምን ላድርግ፣ ልጅቷ ናት የለመነችኝ። ስሟ ተነግሯል፣ ቤት ተገኝቶላታል።»

«አልፋለች። አትሄድም።»

«እሱን ለሱ ነው መንገር።»

«ደውዪለት።»

ዘበኛው ስልኳን መለሱላት። ሦስታችን እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው። ሰውዬው ለስላሳ ድምፅ አለው፣ እንደ ሻጭ። አትሄድም ስትለው አልተቆጣም። «የትኛዋ፣ የበቾ ቦሬዋ?» አለ፤ «ፎቶዋ እኔ ጋ የለም፣ ወደ ዓረብ አገር አልፏል፣ እዚያ የሚጠብቃት ቤት አለ።» «ከኔ መዝገብ አወጣታለሁ፣ እዚያ ያሉት ግን የኔን አይሰሙም፣ እነሱ የራሳቸው ሰው አላቸው» አለ። ልጄ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች።

ጎረቤቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። «የኔዋስ?» አለች። «አንተ የላክሃት። ከረመዳን ወዲህ ድምጿ የለም።»

«እሷ እኮ ከኔ እጅ ወጥታለች እናቴ» አላት። «ከኤርፖርት ወዲያ ያሉት ናቸው የሚያውቋት። ከዚያ በኋላ እኔ ብጠራት እዚያ ማንም አያውቃትም።»

ተቋርጦ ይሁን ዘግቶት ይሁን አላውቅም። ጎረቤቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። ደህና እየሰማች ያለች ይመስል አንገቷን ነቀነቀች። እኔ ልጄን አገኘኋት ብዬ ክንዷን ይዤ ነበር፣ ለቀቅኳት፤ በዚያች ሴት ፊት አጥብቄ ልይዛት አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ትምህርቷን ቀጥላለች። ሦስቱን ፎቶዎች ራሷ ቀዳድዳ ጣለቻቸው። አራተኛው ግን አንድ ቦታ አለ። በማላውቀው አገር፣ የማላውቃት ሴት፣ የበቾ ቦሬዋ ልጅ ትመጣለች ተብላ የምትተኛበትን ጥግ ጠርጋ ይሆናል። ማታ በራችን ከተንኳኳ እስካሁን መጀመሪያ የማየው የልጄን ጫማ ነው፣ እዚያው መሆኑን።

ዘበኛው «ሃደ ኢንተላ ለማ» ማለት ትተዋል። ለምን እንደተዉ አልጠየቅኳቸውም። ጎረቤቴ አሁን ከሁላችን ቀድማ ነው የምትደርሰው። አለቃዋ መጥታ ሁሉም ረድፍ በሩ ላይ እስኪሰበሰብ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ልጄ ትመጣለች» ትላለች።

«ሰምተናል» ይሏታል ዘበኛው። ቁመቷን አይጠይቋትም፣ ቀኑንም አይጠይቋትም። ስልኳን ተቀብለው ያስገቧታል።